መዝገቡ የማን ነው?



ለጎርፍ መውረጃው ቦይ ሁለተኛ መዋጮ እንድናወጣ ተጠይቀናል። እንደሚታወቀው የመጀመሪያውን ከፍለናል፤ ደረሰኙም በየቤታችን አለ። ቦዩ ግን ከላይኛው መታጠፊያ ተነሥቶ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ሲደርስ ቆሟል። ከዚያ በታች ያለው ነዋሪ ባለፈው ክረምትም እንደ ወትሮው ከቤቱ ውኃ በባልዲ ሲቀዳ ነው ያደረው። እንዲያውም ቀድሞ በየአቅጣጫው ተበታትኖ ይወርድ የነበረው ጎርፍ አሁን በቦዩ ተሰብስቦ መጥቶ ሥራው ከቆመበት ቦታ ላይ ባንድ ጊዜ ስለሚለቀቅ፣ የታችኛው ሰፈር ከበፊቱ ይልቅ ዛሬ ተጎድቷል ብንል ማጋነን አይሆንም።

እኛ በዚህ ጽሑፍ መዋጮውን አትክፈሉ አንልም። ቦዩ ማለቅ አለበት። የምንለው፣ አዲሱ ገንዘብ ከመሰብሰቡ በፊት የፊተኛው ገንዘብ የተመዘገበበት መዝገብ ለከፋዩ ይታይ ነው።

ማኅበራችን ይህንኑ ለመጠየቅ ጉዳዩ ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት አራት ጊዜ ተመላልሷል። የመሥሪያ ቤቱን ስም እዚህ አናነሣም፤ ነገሩ የአንድ ቢሮ ጠባይ ብቻ አይደለምና። በመጀመሪያው ቀን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ። በሁለተኛው ቀን ፋይሉ መሐንዲሱ ዘንድ ነው ተባለ። በሦስተኛው ቀን መሐንዲሱ ተዛውረዋል። በአራተኛው ቀን መስኮቱ ላይ የነበረው ልጅ፣ ከመካከላችን በዕድሜ የገፉትን አባት በትሕትና፣ «አባባ፣ ይኼ እኮ የውስጥ ሰነድ ነው፤ ለናንተ ምን ያደርግላችኋል?» አላቸው። እርሳቸውም፣ «ልጄ፣ ውስጡ ያለው የኛ ገንዘብ ነው እኮ!» አሉት። ልጁ ሣቀ፤ እኛም ሣቅን። ወረቀቱን ግን ሳናይ ተመለስን።

እስቲ ይህችን «የውስጥ ሰነድ» የምትባል ቃል ቀረብ ብለን እንመልከታት። ለመሆኑ የውጭ ሰነድ የሚባለው የትኛው ነው? ልጁ ዋሽቷል አንልም። ሥራ ከያዘ ጀምሮ የሰማው፣ ወረቀት የመሥሪያ ቤቱ ንብረት እንደሆነና ባለ ጉዳይም የሚሰጠውን ተቀብሎ የሚሄድ እንግዳ እንደሆነ ነው። እኛም ብንሆን የለመድነው ይህንኑ ነው። መሥሪያ ቤት ስንገባ ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን፤ የራሳችንን ጉዳይ እንደ ልመና እናቀርባለን፤ ከተፈጸመልን ደግሞ ውለታ እንደተዋለልን ቆጥረን መርቀን እንወጣለን። ባገራችን አዋጅ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ኖሯል። ድሮ በነጋሪት ነበር፤ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በነጋሪት ጋዜጣ ሆነ። አቤቱታም ከታች ወደ ላይ ሲወጣ ኖሯል። ሒሳብ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ግን እምብዛም አላየንም። ልማዱ ስላልነበረ ልጁም እኛም ሥርዓቱን አናውቀውም።

ሥርዓቱን አናውቀውም ስንል ግን በመሥሪያ ቤት በኩል ማለታችን ነው። በእድራችንማ ጠንቅቀን እናውቀዋለን። የእድር ስብሰባ እንዴት እንደሚካሄድ ለናንተ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ ሆኖም ለነገሩ ስለሚጠቅመን እናንሣው። ጸሐፊው መዝገቡን ይዞ ይቆማል። ገቢ ይህን ያህል፣ ወጪ ይህን ያህል፣ ከወጪ ቀሪ ይህን ያህል ብሎ ያነባል። ለድንኳን ማደሻ ተብሎ የተጻፈ ወጪ ካለ አንዷ እናት ከኋላ ተነሥተው፣ «ድንኳኑ የታደሰው ያኔ በሰኔ ነው፤ ይኼ የጥቅምቱ ደሞ ምንድነው?» ይላሉ። ገንዘብ ያዡ ደረሰኝ ያወጣል፤ ከሌለውም ላቡ ይወጣል። ሴትዮዋን ማንም «የእድሩ ምሥጢር ነው፤ ለርስዎ ምን ይሠራልዎታል?» አይላቸውም። ቢላቸው በዚያው ቀን ከሹመቱ ይወርዳል። እርሳቸውም ገንዘብ ያዡን ሌባ ነህ አላሉትም፤ ጠየቁት እንጂ። ገንዘብ ያዡም ደረሰኙን ካሳየ በኋላ ከበፊቱ ይልቅ ይከበራል። ስብሰባው ሲያበቃ አብረው ቡና ይጠጣሉ።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፤ በየወሩ ለምናዋጣው ለእድሩ ገንዘብ ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች፣ ከዚያ ብዙ እጥፍ ለሆነው ለግብራችንና ለልማት መዋጯችን ሲሆን ለምን ዝም እንላለን? ድንኳኑ የጋራ ከሆነ ቦዩም የጋራ ነው። የእድሩ መዝገብ የአባላቱ ከሆነ፣ በሕዝብ ገንዘብ ደመወዝ በሚከፈለው ሠራተኛ፣ በሕዝብ ገንዘብ በተገዛ ወረቀት ላይ፣ ስለ ሕዝብ ሥራ የተጻፈው መዝገብ የማን ነው?

ይህ የኛ የብቻ ሐሳብ አይደለም፤ ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ሆኖ እንዲከናወን ያዛል፤ ሐሳብን ስለ መግለጽ በሚናገረው በአንቀጽ 29 ደግሞ የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት መብትን ያነሣል። ከዚያም የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ይህን መብት በዝርዝር ደነገገ። በአዋጁ መሠረት ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካል እጅ ያለን መረጃ የመጠየቅ፣ የማግኘትና ለሌላው የማስተላለፍ መብት አለው። ማንኛውም ሰው ሲባል ጋዜጠኛ ብቻ ማለት አይደለም፤ የወፍጮ ቤቱ ሠራተኛም ነው፣ የጉልት ነጋዴዋም ናት። ክልከላው በአዋጁ ተለይቶ የተጻፈው ብቻ ነው። ጥያቄውን የሚቀበለው የመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ሲሆን መልስ የሚሰጠውም በ30 ቀን ውስጥ ነው። ከከለከለ ምክንያቱን መግለጽ አለበት። ባለ ጉዳዩ ካልረካ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይላል፤ ከዚያም ፍርድ ቤት አለ። በ2013 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1238 ወጥቶ ስለ ጋዜጣና ስለ ሬዲዮ የሚናገረውን የቀድሞ ክፍል ሲተካ፣ መረጃ ስለ ማግኘት የሚናገረው ክፍል አብሮ አልተሻረም። ጠበቃ ያልሆነ ሰው ይህን አለማወቁ አይፈረድበትም። መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ሰው ሳያውቀው ሲቀር ግን ያሳዝናል።

አዋጁ ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ታዲያ ምነው አልጠቀመንም ቢሉ፣ መብቱ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ስለሆነብን ነው። ጥፋቱን ሁሉ በመሥሪያ ቤት ላይ ብቻ ብንደፋው ደግሞ ለራሳችን ማድላት ይሆናል። አራቱንም ጊዜ የሄድነው በቃል ልንጠይቅ ነው። «ነገ ተመለሱ» የምትባለው መልስ ደግሞ በየትኛውም መዝገብ ላይ አትጻፍም። ዛሬ ማን እንደነገረን ነገ የሚያውቅ የለም። ሠላሳ ቀን የሚባለውም ቢሆን ከየትኛው ቀን ይቆጠራል? በቃል የሚጠይቅ ሰው የጥያቄው ዕድሜ እርሱ በር ላይ እስከቆመ ድረስ ነው። በደብዳቤ የጠየቀ ግን ደብዳቤው በመዝገብ ቤት ገቢ ይሆናል፤ ቁጥርና ቀን ይመታበታል፤ ግልባጩም በእጁ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ሠራተኛው ቢዛወርም ደብዳቤው አይዛወርም። መጻፍ ለማይችልም አዋጁ በር አልዘጋም፤ በቃል ሊጠይቅና ጥያቄው በጽሑፍ ሊያዝለት ይችላል። ከመካከላችን ይህን የሚፈልጉ አረጋውያን ስላሉ ይሰመርበት።

ሌላም ነገር አለ። አጠያየቃችንም ጉድለት ነበረበት። «ገንዘባችን የት ገባ?» ብሎ መጠየቅ ልብን ያሳርፍ ይሆናል፤ የመሥሪያ ቤት ሰው ግን ይህን የሚመልሰው በንግግር ነው። በጀት አነሰ፣ የሲሚንቶ ዋጋ ናረ፣ ዝናቡ ቀድሞ ገባ እያለ አንድ ሰዓት ሊያስረዳን ይችላል። እውነቱን ሊሆንም ይችላል፤ እኛ ግን የምናውቅበት መንገድ የለንም። ወረቀት ጠርቶ የሚጠይቅ ሰው ጥያቄ ግን በንግግር አይመለስም። ከተቋራጩ ጋር የተፈረመው ውል፣ የሥራው ዝርዝርና የዋጋው ተመን፣ እስካሁን የተፈጸሙት ክፍያዎች ሰነድ፣ ሥራውን ያየው መሐንዲስ የፈረመበት የልኬት ወረቀትና የርክክብ ሰነድ ካለ እርሱ ጭምር ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሱ ወይ አለ ነው ወይ የለም ነው። «የለም» ራሱ ትልቅ መልስ ነው። ውል በሌለበት ከተከፈለ ወይም ልኬት ሳይወሰድ ከተከፈለ፣ ለሁለተኛው መዋጮ ከመፈረማችን በፊት ማወቅ ያለብን ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳይዘነጋ። ሁሉ ነገር ይገለጥ የሚል አባባል የለንም፤ ሕጉም እንዲህ አይልም። የአገር መከላከያ ጉዳይ አለ፤ በምርመራ ላይ ያለ ወንጀል አለ፤ የነጋዴ የሥራ ምሥጢር አለ። ከሁሉም በላይ የሰው ገመና አለ። ጎረቤታችን በጤና ጣቢያ ያለው ካርድ፣ የፍቺ ፋይሉ፣ የልጆቹ ጉዳይ የኛ ጉዳይ አይደለም። መረጃ የማግኘት መብት የጎረቤትን ጓዳ መጎርጎሪያ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ወደ ማኅበራችን ቢመጣ እኛው ራሳችን እንቃወመዋለን። ግራ የሚያጋባው በመካከል ያለው ነው። ለምሳሌ የተቸገሩ ቤተሰቦች ለሴፍቲኔት ሲመረጡ ስማቸው በሰሌዳ ይለጠፋል። ለምን ቢሉ፣ ሳይቸገር የገባ ካለ፣ ተቸግሮ የቀረም ካለ ነዋሪው እንዲናገር ነው። ስሙ የተለጠፈበት ሰው ግን ቅር ሊለው ይችላል። እኛ የሕዝብ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ስም መታወቁ ተገቢ ነው እንላለን፤ በሽታውና የቤቱ ጣጣ ግን በዚያ ወረቀት ላይ መጻፍ የለበትም። የቦዩ ውል ከነዚህ ከየትኞቹም አይገባም። ድንጋይና ሲሚንቶ ገመና የለውም።

አንዳንድ ሰዎች «ባናየውስ ምን ይጎድልብናል? ሥራው ከተሠራ በቂ ነው» ይላሉ። በትንሽ ነገር ሲታይ ልክ ይመስላል። በትልቁ ሲሆን ምን እንደሚያስከትል ግን አገራችን አይታለች። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ ወሬው በመሥሪያ ቤቶች እጅ ነበር፤ ሕዝቡ እንዳይሰማው ተደረገ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው ጋዜጠኛ የቀረጸው ፊልም በእንግሊዝ አገር ቴሌቪዥን ታየ። ያንኑ ፊልም ያገራችን ሰው በቴሌቪዥን ያየው መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ነበር፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። የሸሸጉትን የከሰሰው ደርግም ቆይቶ ያንኑ ደገመው። በ1976 ዓ.ም. የድርቁ ማስጠንቀቂያ በእጁ ሳለ፣ ከተማው በመስከረም 1977 ዓ.ም. ለሚከበረው 10ኛ ዓመት በዓል ይሸለም ነበር። የዓለም እርዳታ በብዛት መጉረፍ የጀመረው በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው። መንግሥት ተለወጠ፤ መዝገብን ቆልፎ የመያዝ ልማድ ግን አልተለወጠም ነበር። የቦይ ሒሳብን ከረኀብ ጋር ማወዳደራችን አይደለም። ሰነዱ ሲደበቅ የሚጎዳው ሁልጊዜ ከታች ያለው መሆኑን ለማሳየት ነው።

ቅርብ ወደሆነው እንምጣ። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የ14ኛው ዙር የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ለ25,791 ቤቶች ሲወጣ ከሰፈራችንም ብዙ ሰው ቴሌቪዥን ከቦ ነበር። ጥቂት ቀን ሳይቆይ ግን ወደ ዕጣው የገባው መረጃ የተነካካ እንደሆነ፣ መግባት የማይገባቸው ሰዎችም እንደተካተቱበት ተነግሮ ዕጣው ተሰረዘ። እንደገና የወጣው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው። መሰረዙን አንነቅፍም፤ ስሕተትን ይፋ አድርጎ ማረም ያስመሰግናል። ግን እናስብ፤ ዕጣ ውስጥ የሚገቡት ሰዎች የምዝገባ ቁጥር ከዕጣው በፊት በየወረዳው ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ቢሆን ኖሮስ? ዓመታት ሙሉ የቆጠበ ሰው የራሱን ቁጥር ፈልጎ ያገኝ ነበር፤ የማያውቀውን የቁጥር ብዛት ሲያይም ይጠይቅ ነበር። ኮምፒዩተር ሺህ ጊዜ ቢመረመር፣ የራሱን ጉዳይ የሚመለከት ባለ ጉዳይን ያህል የሰላ ዓይን የለውም።

ይህን በተግባር ያሳዩን በኛ ዓይነት ኑሮ ያሉ የሌላ አገር ሰዎች ናቸው። በሕንድ አገር ራጃስታን በሚባለው ደረቅ ክፍለ ሀገር ገበሬዎች በድርቅ ጊዜ በመንግሥት የመንገድና የግድብ ሥራ በቀን ሠራተኛነት ይሰማሩ ነበር። ደመወዛቸው ከሕጉ በታች ይከፈላቸዋል፤ ለምን ሲሉ «በመዝገቡ ላይ የተጻፈው ሥራችሁ ይህን ያህል ብቻ ነው» ይባላሉ። መዝገቡን እንየው ሲሉ ደግሞ ምሥጢር ነው ተባሉ። ምሥጢር የተባለው እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1923 ባወጡት የመንግሥት ምሥጢር ሕግ መሠረት ነው፤ ቅኝ ገዢው ሄዶ ቁልፉ ቀረ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ገበሬዎቹና እንደ አሩና ሮይ ያሉ አጋሮቻቸው ማኅበር አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1994 ደግሞ ኮት ኪራና በምትባል መንደር ሕዝቡን ሰብስበው፣ እንደምንም ያገኙትን የሠራተኛ መክፈያ መዝገብ ጮክ ብለው አነበቡት። ልክ እንደ እድር! በእንዲህ ያሉት ስብሰባዎች ስም ሲጠራ ሕዝቡ ይመሰክራል፤ ደመወዝ ወሰዱ ከተባሉት መካከል የሞቱ ነበሩ፤ አገር ለቀው የሄዱም ነበሩ። ብዙው ሰው ማንበብ አይችልም ነበር። መዝገቡን ለመመርመር ግን ማንበብ አላስፈለገውም፤ ጎረቤቱን ማወቁ በቃው።

ከዚያ በኋላ «ገንዘባችን፣ ሒሳባችን» የሚል መፈክር ይዘው እ.ኤ.አ. በ1996 ቤያዋር በምትባል ከተማ 40 ቀን አደባባይ ላይ ተቀመጡ። የክፍለ ሀገራቸው ሕግ እ.ኤ.አ. በ2000፣ የመላ ሕንድ ሕግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 ወጣ። በመላ አገሪቱ ሕግ መሠረት አንድ ሰው 10 ሩፒ ከፍሎ ይጠይቃል፤ ድኻ ከሆነ እሱንም አይከፍልም። መልሱም በ30 ቀን ነው። ነገሩ ሁሉ ማርና ወተት ሆነ አንልም። በጠየቁት ምክንያት የተደበደቡ፣ የተገደሉም አሉ። እኛ የምንጠይቀው በደብዳቤ፣ በጋራና በሰላም ይሁን የምንለውም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሁለት መቶ ሰው በአንድ ወረቀት ላይ ሲፈርም ተለይቶ የሚታይ ሰው የለም።

በኡጋንዳ የሆነው ደግሞ ይህችን የምታነቡባትን ሰሌዳ የሚመለከት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1995 መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከደመወዝ ውጭ ከመደበው ገንዘብ በአማካይ ትምህርት ቤቶቹ እጅ የገባው 13 በመቶ ብቻ እንደነበረ በጥናት ተደረሰበት። የቀረው በመንገድ ቀረ። ከዚያ በኋላ መንግሥት ለየአውራጃው የላከውን ገንዘብ በጋዜጣ ማውጣት ጀመረ፤ ትምህርት ቤቶቹም የደረሳቸውን በሰሌዳቸው ላይ እንዲለጥፉ አዘዘ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ሲታይ የሚደርሰው ገንዘብ ከ80 በመቶ በላይ ሆኖ ተገኘ። በዚያን ጊዜ ሌላም የአስተዳደር ለውጥ ስለነበረ ውጤቱን ሁሉ ለተለጠፈው ወረቀት መስጠት አይገባም ብለው የተከራከሩ አሉ፤ እውነት አላቸው። ቢሆንም ወላጅ ልጁን ሲያደርስ በር ላይ ቆሞ የሚያነበው ቁጥር ለርእሰ መምህሩም ለአውራጃው ሹምም ምን ዓይነት ስሜት እንደሚፈጥር መገመት አይከብድም። ባገራችንም በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ይህ አገልግሎት በዚህን ያህል ደቂቃ ይሰጣል የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ከጎኑ ይህ ሥራ በዚህን ያህል ብር ተሠራ የሚል ሌላ ሰሌዳ ቢሰቀል ግድግዳው ይበቃዋል።

ከአንዳንድ ነዋሪዎች የሰማነውን መቃወሚያም እናንሣ። አንዱ፣ «ኃላፊዎቹን ማስቀየም ነው፤ ነገ ለሌላ ጉዳይ ስንሄድ በምን ዓይን ያዩናል?» የሚለው ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ብለው ያሳደጉን ስለሆነ ፍርሃቱ ይገባናል። ነገር ግን መክሰስና መጠየቅ አንድ አይደለም። ሥራውን በትክክል የሠራ መሐንዲስ ውሉ ቢታይ ምን ይጎዳዋል? እንዲያውም አሁን በሰፈሩ እየተወራ ያለው ሐሜት የሚያርፈው በማን ላይ ነው? በሠራውም ባልሠራውም ላይ ነው። ስለ መሐንዲሱ የሚወራውን እናንተም ሰምታችኋል፤ እኛ አንደግመውም። እውነት ይሁን ሐሰት የምናውቀው ነገር የለም፤ የማናውቀውም መዝገቡ ስለ ተቆለፈብን ነው። ሌላው መቃወሚያ፣ ለሠራተኛው ሥራ ታበዛላችሁ የሚለው ነው። ለዚህ ብዙ መልስ አያስፈልገውም፤ የአምስት ስድስት ወረቀት ፎቶ ኮፒ ነው፤ ዋጋውንም ማኅበሩ ይከፍላል።

ሌሎችን ስንጠይቅ ደግሞ የራሳችን ቤት ክፍት ይሁን። የማኅበሩ የዓመቱ ገቢና ወጪ ከዚህ ጽሑፍ ጎን ተለጥፏል። የጥበቃ ደመወዝ፣ የመብራት አምፖል፣ የዚህ ሰሌዳ ማሠሪያ ሳይቀር አለ። ዋናው መዝገብና ደረሰኞቹ ከገንዘብ ያዡ ዘንድ ናቸው፤ ማየት የፈለገ አባል ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ያገላብጥ። አንድ ወጪ ላይ ጥያቄ ያለው ሰው በወረቀት ቢጽፍልን መልሱን በሚቀጥለው እትም እዚሁ እንለጥፋለን።

ስለ ቦዩ የተዘጋጀው የመረጃ መጠየቂያ ደብዳቤ ረቂቅ ከታች ተሰክቷል። አድራሻው ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ሲሆን ግልባጩ ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ነው። የሚጎድል ሰነድ አለ የሚል ሰው እስከ ዓርብ ድረስ ለጸሐፊው ይንገር። እሑድ ከእድሩ ስብሰባ በኋላ እንፈራረማለን፤ መፈረም የማይችል በጣቱ ያትማል፤ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዎች ወስደው መዝገብ ቤት ገቢ ያደርጉታል። ገቢ የሆነበት ቁጥርና ቀን በዚሁ ሰሌዳ ላይ ስለሚጻፍ ሠላሳውን ቀን ሁላችንም እንቆጥራለን። መልስ እስኪመጣ ድረስ ለሁለተኛው መዋጮ ስማችንን ከማስመዝገብ እንቆይ የሚለው የኮሚቴው አስተያየት ነው፤ የሚቃወም ካለ እሑድ ተነሥቶ ይናገር፤ በድምፅ እንወስናለን። የመጀመሪያውን መዋጮ የከፈላችሁ ሁሉ ደረሰኛችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ዋናውን ግን ለማንም እንዳትሰጡ፤ ለማኅበሩም ቢሆን ፎቶ ኮፒውን ብቻ ስጡ።